ሁለቱ ፒካፖቼ

ቤዝ ጊታሬን የገዛሁት ታይዋን ገበያ፣ የፀጉር ማድረቂያና ብርድ ልብስ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ብርድ ልብስ ለማን እንደሚሸጥ አልጠየቅኩትም። ቤዙ ከጅቡቲ ከመጣ ሌላ እቃ ጋር ተቀላቅሎ ነው እጁ የገባው፤ ሁለት ክር ጎድሎታል ብሎም በጣም ተሳቆ ነበር። ጊታር ስድስት ክር እንዳለው ያውቃል። ይሄ ግን አራት ብቻ ነው ያለው።

«ይሄ ቤዝ ነው እኮ፤ ሲሠራም አራት ነው» አልኩት።

«አቦ ተይኝ፣ ልታጽናኚኝ ነው» አለና ለጎደሉት ሁለት ክሮች ማካካሻ አንድ የፀጉር ማድረቂያ መረቀልኝ።

ቀን ቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ እፈትሻለሁ፤ ዚፑን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ኪሱን ገልብጬ አያለሁ። ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ እጫወታለሁ። ባንዱ እኔ፣ አንድ ዘፋኝ እና ኪቦርድ የሚጫወተው መሪያችን ነን። ከበሮው የሚወጣው ከኪቦርዱ ነው። መለከቱም ከኪቦርዱ፣ ማሲንቆውም ከኪቦርዱ። እውነቱን ለመናገር ቤዙም ከዚያው መውጣት ይችል ነበር፤ መሪያችን ግን «ሴት ቤዝ ተጫዋች ያለው ባንድ» እያለ ስለሚያስተዋውቀን አስፈልገዋለሁ።

ያ ቤዝ ሲገዛ በባትሪ የሚሠራ ነበር። ውስጡ ድምጹን የሚያጎላና የሚያሳምር ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ከጀርባው በኩል የምትገባ ባትሪ ይፈልጋል። ባትሪዋ ስትደክም ድምጹ መጀመሪያ ይሻክራል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ገና ወደ ዳሱ ሲገቡ ጠፋ። መለወጫ አልያዝኩም። መሪያችንን በዓይኔ ልጠራው ብሞክር ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ መለከት ተመስጧል። ምን ላድርግ? ጣቶቼን ማንቀሳቀሴን ቀጠልኩ። ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨፈረ፣ ሽማግሌዎች መረቁ። እኔ አንዲት ድምጽ ሳላወጣ እየተወዛወዝኩ ሠርጉን ጨረስኩት።

እቃ ስንጠቀልል መሪያችን መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ዛሬስ በጣም ጥሩ ተጫወትሽ። እንዲህ ረጋ ስትዪ ነው የሚያምርብሽ።»

ብናደድ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። ያን ሳምንት ሙሉ ሱሪ ስፈትሽ የማስበው ስለዚያ ባትሪ ሆነ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሌላው ዓለም ቤዙን እንዴት እንደሚጠግን አየሁ፤ ነገሩ ከባድ አይመስልም። ከክሮቹ ሥር ሳሙና የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች አሉ። ውስጣቸው ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት የሚሰሙት እነሱ ናቸው። አንደኛው ወደ አንገቱ ቀርቦ ወፍራሙን ድምጽ ይሰማል፣ ሌላኛው ወደ ኋላ ሆኖ ቀጭኑን። ሰሌዳውንና ባትሪውን አውጥቶ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው የድምጽ መጠንና የራሳቸው የቃና መዘውር መስጠት ይቻላል። ሁለትና ሁለት፣ አራት መዘውር። ቤዜ ላይ ደግሞ ድሮውንም አራት ቀዳዳ አለ።

የእነዚያ ጥቁር ነገሮች ስም ፒካፕ ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ድሬዳዋ ኖሮ አያውቅም።

አሮጌው ሰፈር መጋላ ውስጥ ማራገቢያ የሚጠግን ሰው አለ። በእኛ ከተማ ማራገቢያ የሚጠግን ሰው ከሐኪም እኩል ይከበራል። ሥራ እንደወጣሁ፣ መጀመሪያ ይሆን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ፣ ቤዙን ሳልይዝ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ማራገቢያዎች በሙሉ እየተሞከሩ ስለነበር ነፋሱ ቀሚሴን ይዞ ወደ ውጭ ይገፋኛል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠግናል። አጠገቡ አንድ ደላላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል።

«ሁለት ፒካፕ አለኝ» አልኩ ከነፋሱ በላይ እየጮህኩ። «ለየብቻቸው መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ነው የፈለግኩት። ባትሪውም ይውጣልኝ።»

ደላላው ቀና አለ።

«ኤሌክትሪክ ናቸው?»

«አዎ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ወላሂ!» አለ ወደ ጠጋኙ ዞሮ። «አገሩ ሁሉ ከቤንዚን ወደ ባትሪ እየገባ እሷ ከባትሪ ልትወጣ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ለሠርግ ይወጣሉ?»

«ለሠርግ ነው የሚወጡት። ሌላ ሥራ የላቸውም።»

«ማነው የሚይዛቸው?»

«ራሴ ነኛ።»

ደላላው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። ስለ ሙዚቃ ይህን ያህል አክብሮት ያለው ሰው መጋላ ውስጥ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። የባንዳችንንም ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወዲያው ተነስቶ ስልክ እየደወለ ወጣ።

በማግስቱ እረፍት ስለነበረኝ ቤዙን ይዤ በጠዋት ሄድኩ። ጠጋኙ ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን አየና «አይሆንም» አለኝ። ለምን ስለው፣ «አይሆንም ነዋ።» ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት በምንም ነገር እንደማያምን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ከሰዓት በኋላ፣ የጫቱ ሰዓት በርጫው ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ምሳዬን በልቼ ስመለስ ቤዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሰሌዳውን ነቅሎ ጨርሶ፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ጠበቀኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የዚህ አገር ጊታር ሁሉ እንዲህ መሠራት አለበት» አለኝ።

የድምጽ መጠን መዘውሮቹን ከአሮጌ ሬዲዮኖች አወጣ። ለቃናው ካፓሲተር እንደሚያስፈልግ ስነግረው ፊቱ በራ፤ ማራገቢያ ቆመ ማለት ካፓሲተሩ ሄዷል ማለት ስለሆነ በሕይወቱ የሚያምነው አንድ እቃ ቢኖር እሱ ነው። የክብሪት ቤት የሚያክል የማራገቢያ ካፓሲተር አምጥቶ በየደው። ትንሽ ናት የምትፈለገው ብዬ ብነግረውም «ትልቅ እያለ ትንሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ካለ ድምጽ ማጉያ ጋር አገናኘነውና ቃናውን ትንሽ ስቀንስ ቤዙ ግድግዳ ጀርባ ያለ ጎረቤት ሚስማር የሚመታ መሰለ። ቆይቶ እሱም የለም። ጠጋኙ ግን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። «እንዴት ረጋ አለ!» አለ። ያን ቃል ስሰማ ትልቁን አስነቅዬ ከሬዲዮው ትንሿን አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጣጣ የመጣው። ሁለቱ ፒካፖች ተከፍተው ቤዙ ግሩም አድርጎ ይጮኻል። የፊተኛውን ብቻውን ልስማ ብዬ የኋላውን እስከ ዜሮ ስዘጋ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። የፊቱን ስዘጋም እንደዚያው።

«ለየብቻ አይደለም እንዴ ያልኩህ?»

«ለየብቻ ናቸው። ግን ይተዛዘናሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው አብሮት ያኮርፋል። ወንድማማች አይደሉ!»

ትንሽ ቆይቶ፣ ሌላ ቅጠል ጎርሶ፣ የተሻለ ማብራሪያ ሰጠኝ። የድምጽ መዘውር እንደ ቧንቧ ውኃውን አይዘጋም አለ፤ ወደ መሬት ያፈሰዋል እንጂ። የሁለቱ መውጫ አንድ ሽቦ ነው። ስለዚህ አንዱን መሬት ላይ ስታፈሽው የሌላውም ውኃ በዚያው ቀዳዳ ይሄዳል። ይህ ትክክል እንደሆነ በኋላ ስልኬ ላይ አረጋግጫለሁ። መፍትሔውን ግን እሱም አላወቀውም፣ እኔም አላወቅኩትም።

የትኛው ሽቦ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋው ብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፈ በየሽቦው አጠገብ ያስቀምጥ ነበር። እንደገና ልሞክር ብሎ ሁሉንም ነቅሎ ሲጨርስ መብራት ጠፋ። ወረቀቶቹን ሳይሰበስብ መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ማራገቢያዎቹ በአንድ ላይ ተነሱ፤ ወረቀቶቹ ቤቱን ዞረው በበሩ ወጡ። ሁለታችንም ሮጠን ወጣን፤ አንዲት ፍየል አንደኛዋን ስትበላ ደረስን። ጠጋኙ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ ሽቦዎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው፣ «ቢስሚላህ» አለና በግምት በየዳቸው። በሁለቱም የድምጽ መዘውሮች ላይ ገቢውና ወጪው ሽቦ ቦታ ተለዋውጠው ኖሯል። ስንሞክረው የኋላው ሲዘጋ የፊቱ ብቻውን ቀረ። የፊቱ ሲዘጋ የኋላው ብቻውን ቀረ። ስቀንሳቸው ድምጹ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ እሱን ችዬዋለሁ።

«አውቄ ነው» አለኝ ጠጋኙ።

በመጨረሻ ለመያዣ የሚሆኑ ጉልላቶች ገጠመልኝ። የፊተኛው ድምጽ ከማራገቢያ መቆጣጠሪያ የተወሰደ ነው፣ ከዜሮ እስከ አምስት ቁጥር አለው። የኋለኛው ከጋዝ ምድጃ ነው፣ ትንሽና ትልቅ እሳት ተስሎበታል። ሁለቱ ቃናዎች የሬዲዮ ናቸው። ቤዜ ወጥ ቤት መሰለ። አቅፌው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

የሚቀጥለው ሠርግ እዚያው እኛ ሰፈር ሳቢያን ነበር። የሙሽራው አባት ሶማልኛና አማርኛ እየቀላቀሉ የሚናገሩ ነጋዴ ናቸው። ድሬ ውስጥ ሰው ለሰው አንተ ነው የሚባባለው፤ እሳቸውን ግን አንተ የሚላቸው አልሰማሁም። ከሠርጉ በፊት መሪያችን ጋ ደውለው «ፒካፖቹ ደህና ናቸው?» ብለው ጠይቀውት ነበር። እሱም ቤዜን እንዳስጠገንኩ ስላወቀ፣ ሙዚቃ የሚያውቅ ደንበኛ ገጠመኝ ብሎ፣ «በጣም ደህና ናቸው፣ አሁን ነው ታድሰው የወጡት» ብሏቸዋል።

ከባጃጅ ስወርድ ደጃፉ ላይ ቆመው ከኋላዬ መንገዱን ያያሉ።

«አባዮ» አሉኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። «የታሉ?»

«እነማን?»

«ሁለቱ ፒካፖች።»

ቤዙን ከቦርሳው አውጥቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ከክሮቹ ሥር ያሉትን ሁለት ጥቁር ሳሙናዎች ተመለከቱ። አንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

«ስንት ኩንታል ይጭናሉ?»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ደላላው ባንዱ ሁለት ኤሌክትሪክ ፒካፕ ይዞ ይመጣል ብሏቸው፣ የሙሽራዋን እቃ ሊያመጣ የተቀጠረውን የጭነት መኪና አሰናብተዋል። እቃው ቡፌ፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍና ማቀዝቀዣ ሆኖ ከታች በኩል የሙሽራዋ ቤተሰብ ደጅ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። የደላላው ስልክ ዝግ ነው። መሪያችን ከኪቦርዱ ጀርባ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ጺማቸውን ይዘው አሰቡ።

«ለአማቾቼ እቃው በሁለት ፒካፕ ይመጣል ብያለሁ» አሉ። «ሰው ሁሉ ወጥቶ ፒካፕ እየጠበቀ ነው። ቃሌ አይወድቅም። በፒካፕ ይመጣል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«አንቺም ትሄጃለሻ!»

የአህያ ጋሪዎች ተጠሩ። ለባንዱ የምንይዘው ጄኔሬተር አንደኛው ጋሪ ላይ ወጣ፣ ድምጽ ማጉያው ከአጠገቡ፣ እኔ ከማጉያው ላይ። እንቢ ለማለት አፌን ስከፍት መሪያችን በዓይኑ ለመነኝ፤ ባንዱን ለማዳን ሌላ መንገድ አልነበረም። ወደ ሙሽራዋ ቤት ቁልቁል ወረድን። እቃው ተጫነ። ፍራሹን ከሥሬ አነጠፉልኝ፣ ቡፌውን ኋላዬ አቆሙት። በመስታወቱ ራሴን አየሁት፤ የሠርግ ቀሚስ ለብሼ፣ የጋዝ ምድጃ ጉልላት ያለው ቤዝ ታቅፌ፣ የሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ተጫወቺ» አሉኝ አባትዬው።

ኪቦርድ የለ፣ ዘፋኝ የለ። የፊቱን ድምጽ እስከ አምስት ከፍቼ ወፍራሟን ክር መታኋት። የቡፌው መስታወት ተንዘረዘረ። ያን ያህል ትልቅ ድምጽ ከእኔ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ አራት ድምጽ ብቻ በሆነችው ዜማዬ ወገባቸውን ይዘው መዞር ጀመሩ። አጠገባቸው ያሉት ማጨብጨቡን ተቀበሉ።

የእኔ ጋሪ አህያ ግን አልተነሳም።

ባለጋሪው መታው፣ ለመነው፣ ገፋው። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ እግሩን ተከለ። ባለጋሪው ወደ እኔ ዞረ። «አቦ ያንን ድምጽ ቀንሺው! ሆዱ ውስጥ እየገባበት ነው።»

የፊቱን ዜሮ ላይ አደረግኩት፤ የኋላው ትልቁ እሳት ላይ ነው። ቀጭን፣ ንጭንጭ የሚል ድምጽ ብቻውን ቀረ። አህያው ጆሮውን አቆመና መሄድ ጀመረ።

አባትዬው ይህን አይተው አለመጠየቅ አልቻሉም። «የፊቱን እስቲ መልሺው» አሉ። መለስኩት፤ አህያው ቆመ። ዘጋሁት፤ ሄደ። ከጎናችን ለሚራመዱት አማቻቸው በኩራት አስረዱ፦ «አየህ፣ የኋላው ሞተር ነው። የፊቱ ፍሬን ነው። ለየብቻ ነው የተሠሩት።» አማችዬውም «ቴክኖሎጂ!» አሉ፤ እየቀለዱ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

ዳገቱን በኋላው ፒካፕ ወጣነው። ያ ወረቀት በነፋስ ባይሄድ ኖሮ የፊቱን ስዘጋ ሁለቱም ዝም ብለው ዳገቱ መሃል ላይ በቀረን ነበር ብዬ እያሰብኩ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ እጫወታለሁ። የጄኔሬተሩ ጭስ ምንጣፉን አለበሰው። ባጃጆች ከኋላ ተከትለው ጥሩምባ ነፉ። ከየበሩ ሰው ወጣ። እንደዚያ ቀን የተጫወትኩ አይመስለኝም፤ ጣቴ አንድ ጊዜም አልሳተም፣ ወይም ስቶ ከሆነ ከአህያው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የአዲሶቹ ሙሽሮች ቤት በር ላይ ስንደርስ አባትዬው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «የፊቱን!» ብለው ጮኹ። አምስት ላይ አደረስኩት። ጋሪው ከበሩ ትክክል ቆመ። እልልታው ሰፈሩን ሞላው። ከማቀዝቀዣው አንድ እግር ከመጉደሉ በቀር እቃው ሁሉ ደህና ገባ።

ሙሽራዋ ይህን ሁሉ በስልክ ተቀርጾ አይታው ኖሮ፣ ዳሱ ውስጥ ስንገናኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ኩሏ ተበላሽቶባት ነበር። ከዚያ በኋላ ሠርጉ እንደማንኛውም ሠርግ ሄደ። መሪያችን መለከቱን ነፋ፣ እኔም ከጀርባው ቆሜ ተጫወትኩ። ልዩነቱ፣ በየመሃሉ አንዳንድ ሽማግሌ እየመጡ ጎንበስ ብለው ከክሮቹ ሥር ያዩና «እነዚህ ናቸው?» ይሉኛል። «እነዚህ ናቸው» እላለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ደላላው በሳምንቱ ስልኩን ከፍቶ ደወለልኝ፤ ለሌላ ሰው ሊያከራየኝ ነበር።

ጥቂት እሑዶች አልፈው፣ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ባለጋሪው ነው። አህያው ከኋላው ቆሟል፤ ጋሪው ላይ አሸዋ ተጭኗል። ባለጋሪው አቀርቅሮ በጫማው መሬት ይጭራል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ዳገቱን እንቢ አለ» አለኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ፒካፕ አልወጣም ብሏል።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ማጉያውም ጄኔሬተሩም መሪያችን ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ለምኜ አምጥቻቸዋለሁ፤ አሸዋው ላይ ናቸው።»

አህያውን አየሁት። እሱም አየኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ቤዙን ላመጣ ገባሁ።